እንቅልፉን ያልጨረሰ ገብስ

አክስቴ ለጠላ ብቅል ሊያበቅሉ ሲነሱ፣ አዲስ የተወቃውን ገብስ ዳበስ አድርገው «እንቅልፉን አልጨረሰም» ይሉና ይተዉት ነበር። እኔ «ልቀስቅሰው?» ብዬ ጆንያውን በጥፊ ስለው ይስቃሉ።

አሁን እሳቸው የሉም። ለአርባቸው ጠላ ብቅል ሲጠፋ «እኔ እያለሁ!» አልኩ። ትምህርት ከሦስተኛ ክፍል ባቋርጥም አፌ ዲግሪ አለው። ገብስ ዘፍዝፌ በጉሎ ቅጠል ሸፈንኩ። በአራተኛው ቀን ብገልጠው አንድም አልበቀለም። አርባው እየደረሰ ነው፤ የሞጣ ሰው ሁሉ «ብቅሉስ?» ይለኛል። «እያሰበበት ነው» እላለሁ።

ጎረቤታችን የግብርና ሠራተኛ ነው፤ አሳየሁት።

«የመቼ ገብስ ነው?»

«ትኩስ! አሁን ከአውድማ የገባ!»

«አንተ ጉረኛ፣ አዲስ እህል ውስጥ የሚያስተኛው ሆርሞን ገና አልቀነሰም። ሲከርም ግን ያ ይደክምና የሚያነቃው ይበረታል።»

አክስቴ ያሉት ይሄንኑ ነበር!

ጓዳቸው ገብቼ የአምናውን ገብስ አገኘሁ። የከረጢቱን አፍ የቋጠሩት ራሳቸው ናቸው፤ ያን ቋጠሮ መፍታት ሞት ሆነብኝ። እንደምንም ፈታሁት።

ዛሬ ከዘፈዘፍኩት ሦስተኛ ቀኑ ነው። ቅጠሉን ከመግለጤ በፊት አጠገቡ ቁጢጥ አልኩ። ይሄ ለፍላፊ አፌም ቀስ ብሎ «እንቅልፍህን ጨረስክ?» አለው።