በልኬ የመጣ የጉልበት መከላከያ

የበደለኝ ሞተር መንዳት ያስተማረኝ ሰው ነው። የበደለኝም ሚሌኒየሙ ሊገባ ሁለት ክረምት ሲቀረው፣ በሐምሌ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ነው። ስሙን አልጽፍም። ልጆች አሉት፤ እነሱ ምንም አላደረጉኝም።

ያን ጊዜ አርባ አምስት ዓመቴ ነበር። ካዛንቺስ ቢሮ ያለው፣ በገጠር የውሃ ጉድጓድ የሚያስቆፍር ድርጅት ውስጥ እሠራ ነበር። ሥራዬ ከመንደር መንደር እየዞርኩ የእጅ ፓምፖቹ ውሃ መስጠታቸውን ማየት ነው። አብዛኛው ቦታ መኪና አይገባበትም፤ በሞተር ነበር የምንሄደው። ሞተረኞቹ ሁለት ነን፤ እሱና እኔ።

ያስተማረኝ መስቀል አደባባይ ላይ ነው፤ እሁድ እሁድ በማለዳ፣ ሯጮቹ ደረጃውን ሲወጡና ሲወርዱ። ፍሪሲዮኑን ጨብጬ ስይዝ ይጮህብኛል፦ «ዶሮ አይደለም! አታንቂው!» ሯጮቹ ይስቃሉ፤ እኔም እስቃለሁ። ጥሩ አስተማሪ ነበር። ይህን ደብቄ ብጽፍ ቀሪው ነገር አይገባም።

እሱ ቤቱ ቂርቆስ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር። ሰኞ ሰኞ ለመስክ ስንወጣ እኔ ከካዛንቺስ ተነስቼ በዚያ በኩል እመጣለሁ። በሩ ላይ ስደርስ ሁለት ጊዜ ክላክስ አደርጋለሁ። ሚስቱ ከውስጥ «ያቺ ሰው መጣችልህ!» ትለዋለች፤ እሱ ዳቦውን ጎርሶ ይወጣል። ከዚያ እስከ ደብረ ዘይት መንገድ መጨረሻ አብረን እንሄዳለን። ሄልሜት አድርገን ስለሆነ አንነጋገርም። ስድስት ዓመት እንዲህ ሄድን። ወዳጄ ይመስለኝ ነበር። ሌላ ወዳጅ ስላልነበረኝ ማወዳደሪያም አልነበረኝም።

የምኖረው ካዛንቺስ፣ የቀበሌ ቤት ውስጥ ነበር። አንድ ክፍል ናት፤ ከበሩ ወደ ግቢው የሚያወርዱ ሦስት የድንጋይ ደረጃዎች አሏት። ባልም ልጅም የለኝም። ጭቃ የተለጠፈበት ሱሪ ለብሼ ስገባ ጎረቤቶቼ ሰላምታቸውን አሳጥረው በራቸውን ይገፋሉ። በሰርግና በልቅሶ ይጠሩኛል፤ ከዚያ ውጭ አይጠሩኝም። መስክ ላይ ሳለሁ ግን ብቻዬን መሆኔ ሥራዬ ስለሆነ ማንም አይጠይቀኝም፤ እኔም ራሴን አልጠይቅም።

ሰኔ ሲገባ ወደቅሁ። ቢሮ ውስጥ «ሴት አይደለች፣ ሞተሩ ከበዳት» ተብሎ ተወርቷልና እንዴት እንደወደቅሁ ላስረዳ። ሞተሩ አልከበደኝም። ዋልካ መሬት ላይ የኋላ ጎማው ሲንሸራተት ለመደገፍ ግራ እግሬን አወረድኩ። እግሬ ጭቃው ውስጥ ተተከለ፤ ሞተሩ ግን አልቆመም። ጉልበቴ ጉልበት ወደማይዞርበት ዞረ። ይኸው ነው። ወንድም ቢሆን ይዞርበታል፤ ቆይቶም ዞረ።

ሐኪሙ አጥንቴ ደህና እንደሆነ፣ የላላው ጅማቱ እንደሆነ ነገረኝ። ክረምቱን ካረፍኩ መንዳት እችላለሁ፤ ግን በሁለቱም ጎን ብረት ያለው፣ ብረቱም ከጉልበቴ ጋር አብሮ የሚታጠፍ መከላከያ ማሰር አለብኝ። «ያለዚያ አንድ ቀን ደግሞ ይዞርና ያኔ በዱላ ነው የምትሄጂው» አለኝ። አለቃችን ይህን ሰምቶ «መከላከያውን አግኚ፤ ሞተርሽ ይጠብቅሻል» አለ።

ፍለጋዬን ኦሎምፒያ ካለ አንድ መድኃኒት ቤት ጀመርኩ። ሻጯ ልጅ እግር ናት።

«ለኳስ ነው ለብርድ?» አለችኝ።

«ለሞተር።»

«ለልጅዎ ነው?»

«ለራሴ ነው።»

ጓደኛዋን በዓይኗ ጠራቻት። «ማለቴ... እርስዎ ነዎት የሚነዱት?»

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ይሄን ይውሰዱ። ላስቲክ ነው፤ በቃ በጣም ነው የሚሞቀው።»

«ጉልበቴ አልበረደውም፣ የኔ ልጅ።»

ለገሃር አካባቢ ካለ የስፖርት ዕቃ ሱቅ ደግሞ ልጆች ባለ ጎማ ጫማ ሲነዱ የሚያስሩትን ጠንካራ ፕላስቲክ አወጡልኝ። እሱ ድንጋይ ላይ ሲወድቁ ቆዳንና አጥንትን ያድናል፤ ጉልበት እንዳይጠመዘዝ ግን የሚያደርገው ነገር የለም። እነዚህ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች መሆናቸውን ለባለሱቁ ለማስረዳት ሞከርኩ። «እሱም መከላከያ ነው፣ እትዬ» አለኝ። ተውኩት። እያነከስኩ ወደ ካዛንቺስ ተመለስኩ።

በመጨረሻ የተገኘው መፍትሔ ከውጭ ነበር። በየዓመቱ ነሐሴ ላይ ሥራችንን ሊያይ የሚመጣ አንድ ፈረንጅ አለ። አለቃችን ሲጽፍለት በሻንጣው አንድ ጥንድ አመጣለሁ አለ፤ ምርጫውንና ልኩን ላኩልኝ ብሎ ሦስት ዓይነቶችን ከነሥዕላቸው ላከ። ወረቀቱን ሳምንት ሙሉ አጠናሁት። የመጀመሪያው ቀላልና ለስላሳ ነው፤ ብረቱ ግን አንድ ጎን ብቻ ነው። ሦስተኛው እንደ ጥሩር ጠንካራ ነው፤ ከሱሪ ሥር ግን አይገባም፤ ሜዳ ላይ ለሚሽቀዳደሙ ነው እንጂ ቀኑን ሙሉ ከሞተር እየወረደ ፓምፕ ለሚፈታ ሰው አይሆንም። መካከለኛውን መረጥኩ። በሁለቱም ጎን ብረት አለው፤ አራት ማሰሪያ አለው፤ ሱሪ ሥር ይገባል።

ከባዱ ልኩ ነበር። ከጉልበት ሎሚ መሃል አሥራ አምስት ሳንቲሜትር ወደ ላይ የጭን ዙሪያ፣ አሥራ አምስት ወደ ታች የባት ዙሪያ፣ ከዚያ የጉልበቱ ስፋት። ጥቂት ቢሳሳት ወይ ደም ያግዳል ወይ ይንሸራተታል። ቢሮ ውስጥ ለማን ጭኔን አስለካለሁ? ለእሱ ነገርኩት። ቅዳሜ እመጣለሁ አለኝ።

መጣ። ከልብስ ሰፊው ጎረቤቴ ሜትር ተዋስኩ። እኔ ቤት ውስጥ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ እለካለሁ፤ እሱ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ይጽፋል።

«አርባ ሰባት!» አልኩ።

«የጭን ነው የወገብ?»

«ጻፍ ዝም ብለህ!»

«ቦት ጫማሽን አድርገሻል?»

«ቤት ውስጥ ቦት ምን ያደርግልኛል?»

«አድርጊና ለኪ እንጂ! ረጅም ጫማ አይደለም እንዴ? ብረቱ ጫማው አፍ ላይ ካረፈ ወደ ላይ ገፍቶ ያወጣዋል።»

እውነቱን ነበር። ያን ያወቀው እሱ ነው፤ አልክድም። ቦቱን አድርጌ እንደገና ለካሁ፤ ልኩ ሁሉ በእሱ የእጅ ጽሕፈት ተጻፈ።

ወረቀቱን ልቀበለው ቦቱን እንዳደረግሁ ወጣሁ። ሁለተኛው ደረጃ ላይ ጉልበቴ ከዳኝ። ወደቅሁ አልልም፤ ሳላስበው ተቀመጥኩ። ለመነሳት በሩን መያዝ ነበረብኝ። እሱ እጁን ዘረጋ፤ አልያዝኩትም።

«ለማንም እንዳትናገር» አልኩት።

«ምን አየሁና?» አለኝ።

ሰኞ ልኬ ለፈረንጁ ተላከ። ማክሰኞ ስብሰባ ነበር። ከክረምት በኋላ መስክ ስለሚወጣው ሰው ሲነሳ አለቃችን ወደ እኔ ዞረ። አፌን ከመክፈቴ በፊት እሱ እጁን አወጣ።

«ይቅርታ አድርጊልኝ እህቴ» አለ። «እኔ ግን በዓይኔ ያየሁትን መደበቅ አልችልም። በገዛ ቤቷ ደረጃ መውረድ አቅቷት አይቻለሁ። ሦስት ደረጃ! ነገ ገደል ብትገባ ማነው ተጠያቂው? ለእሷ አዝኜ ነው።»

አለቃችን «እንግዲህ ጤና ይቀድማል» አለ። እኔን ከመስክ አውርደው የዕቃ ግምጃ ቤት ጠረጴዛ ሰጡኝ። ጤና አይቀድምም ብሎ የሚከራከር የለም። ሦስት ደረጃ ብሎ መቁጠሩን ግን ሰማሁ።

ኮሪደሩ ላይ ተከተለኝ። «ተቀየምሽኝ እንዴ?»

«ለምን እቀየማለሁ?»

«አውቅሻለሁ እኮ። በሆድሽ ነው የምትይዢው።»

በዚያው ሳምንት ከጸሐፊዋ እንደሰማሁት፣ ከመስከረም ጀምሮ የሚቀረው አንድ ሞተር፣ አንድ ሞተረኛ ብቻ ነበር። ሌላው ሞተር ወደ ክልል ቢሮ ይሄዳል። ይህን እሱ ከሰኔ ጀምሮ ያውቀዋል፤ እኔ አላውቅም ነበር። ቤቴ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ልኬን ሲጽፍ ያውቅ ነበር ማለት ነው።

ክረምቱን ግምጃ ቤት ውስጥ ቱቦና የፓምፕ ጎሚኒ እየቆጠርኩ አሳለፍኩ። ጠዋት ጠዋት ከቤት ከመውጣቴ በፊት ሦስቱን ደረጃ እወጣለሁ፣ እወርዳለሁ፤ መጀመሪያ አሥር ጊዜ፣ በነሐሴ መጨረሻ መቶ ጊዜ። አንዷ ጎረቤቴ በመስኮት «ምን ጠፍቶሽ ነው?» አለችኝ። «ምንም» አልኳት። ከዚያ በኋላ አልጠየቀችኝም፤ መጋረጃዋን ግን በዚያ ሰዓት መዝጋት ጀመረች።

ፈረንጁ መጣ፤ ጥንዱን አመጣ። ሳጥኑን የተቀበልኩት እኔ ነኝ፤ የግምጃ ቤት ሠራተኛ አይደለሁ? ከፍቼ አየሁት። ጥቁር ነው፤ አዲስ የላስቲክ ሽታ አለው። የአጠቃቀሙን ትንሽ መጽሐፍ ከነሥዕሉ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ለራሴ የመረጥኩት፣ በጭኔና በባቴ ልክ የተሠራ ነገር ነው። ከሰዓት በኋላ አለቃችን «ለሞተረኛው አስረክቢ» አለኝ። ሞተረኛው እሱ ነበር። አስፈርሜ አስረከብኩ። መጽሐፏን ከመሳቢያዬ አላወጣሁም። እሱም አልጠየቀኝም።

ግቢው ውስጥ ቆሞ አሠረው። ጭኑ ከእኔ ጭን እጅግ ይወፍራል፤ የላይኛው ማሰሪያ ጫፉ ላይ ብቻ ነው የያዘለት። ደግሞ ማሠር የሚጀመረው ከባቱ ነው፤ ተቀምጦ፣ ጉልበትን አጥፎ። እሱ ቀጥ ብሎ ቆሞ ከላይ ጀመረ። እንዲህ የታሠረ መከላከያ ሰው ሲነሳ ሲቀመጥ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከወረደ ደግሞ ብረቱ የሚታጠፈው ጉልበቱ ከሚታጠፍበት በታች ነው፤ ካላሠሩት ይሻላል። ይህ ሁሉ መሳቢያዬ ውስጥ በሥዕል አለ።

ቀና ብሎ አየኝ። «አንቺ፣ እንዲህ ነው አይደል?»

«አንተ ታውቃለህ» አልኩት።

ሳቀ። «እሱስ እውነትሽን ነው» አለ።

በመስከረም መጨረሻ ወደቀ። ሊያመጣው የሄደው ሹፌር ግቢው ውስጥ ለዘበኛው ሲነግር ሰማሁት። «ያ ብረት እንደ ወለቀ ካልሲ ቦቱ ላይ ተጠቅልሎ ነው ያገኘሁት» አለ። ጉልበቱ ተቀደደ፤ ከዚያም በኋላ በደንብ አልታጠፈም። መከላከያው በልኩ ቢሆን፣ በትክክል ቢታሠር ያድነው ነበር ወይ? ሐኪሙን የሚጠይቅ ሰው ሊኖር ይችላል። እኔ አልጠየቅሁም። ጥሩ ማሰሪያም የማያድንበት አወዳደቅ እንዳለ መጽሐፏ ላይ ተጽፏል፤ ያን ገጽ ከሌላው ይልቅ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ።

የቢሮው ሰው ተሰብስቦ ሊጠይቀው ሲሄድ ግምጃ ቤት ቆጠራ አለብኝ አልኩ። ቆጠራ ነበረብኝ።

አለቃችን በማግስቱ ጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት እያገላበጠ ነው የሚያናግረኝ።

«ጉልበትሽ እንዴት ነው?» አለ።

«ደህና ነው።»

«ደረጃው?»

«እወርዳለሁ።»

«በይ እንግዲህ፤ ካንቺ ሌላ ሰው የለንም።»

ጤና ይቀድማል አላለም።

መከላከያው በፌስታል ተጠቅልሎ ከነጭቃው ተመለሰ። ቅዳሜ ግቢዬ ውስጥ በሳፋ ውሃ አጠብኩት። ዋልካ ቶሎ አይለቅም፤ መታጠፊያው ውስጥ የገባውን በጥርስ ብሩሽ አወጣሁት። ሁለት ቀን ደረጃው ላይ አሰጣሁት። ሰኞ ጠዋት መጽሐፏን ከፍቼ አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ፤ ጉልበቴን አጠፍኩ፤ ከባቴ ጀመርኩ። ልክ ነበር። የትም አይነካኝም፣ የትም አይላላም።

ሞተሩን አስነስቼ ከካዛንቺስ በቂርቆስ በኩል ወጣሁ። ሰማያዊው በር ተከፍቶ ነበር። ደጃፉ ላይ ወንበር አውጥተውለት፣ እግሩን ዘርግቶ ፀሐይ ይሞቃል። የሞተሩን ድምፅ ሲሰማ ቀና አለ።

ክላክስ አላደረግኩም። ማርሽ ቀይሬ አለፍኩ። ድርጅቱ እስኪዘጋ ድረስ ዘጠኝ ዓመት፣ ሰኞ ሰኞ፣ በዚያው በር አለፍኩ።