አማቴ የደባለቁት እህል

በ1977 ዓ.ም. በጋ፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ ሁለት ዓመት ያልሞላትን ልጄን ኩፍኝ ያዛት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሽፍታው ለቀቃት፤ ትኩሳቱም በረደ። ምግብ ግን እንቢ አለች። ከቀበሌ ሱቅ በራሽን ያገኘነው የበቆሎ ዱቄት ቆይቶ ኖሮ ሽታው ተለውጧል። ገንፎውን አፏ ሳደርስላት ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ሳቅፋት ክብደቷ አይሰማኝም ነበር። አቃቂ ገበያ ወርጄ ገብስ ጠየቅሁ፤ ባዶ እጄን ተመለስሁ። ባለቤቴ በፋብሪካው የሌሊት ተራ ላይ ነበር። ሲነጋ ሳይተኛ ወጣና አገር ቤት ለእናቱ ሰው ላከ።

አማቴ ከዱከም ማዶ ግማሽ ጆንያ እህል ይዘው በአውቶቡስ መጡ። ጆንያውን ስፈታው ደነገጥሁ። ገብሱ፣ ስንዴው፣ ሽምብራው፣ አተሩ ሁሉ ተቀላቅሏል። መንገድ ላይ የተደፋባቸው መሰለኝና አሳዘኑኝ። ሰፌድ አምጥቼ መልቀም ጀመርሁ።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አሉኝ።

«ልለየው ነዋ፣ እማዬ። አይዞዎት፣ አሁን አደርሰዋለሁ።»

«እኔ ስደባልቅ የዋልሁትን?» አሉና ሳቁ።

ከዚያ ነገሩኝ። በዚያን ጊዜ እህል ይዞ ኬላ ማለፍ ቀላል አልነበረም፤ ነጋዴ ነህ ተብሎ ይወረሳል። ስለዚህ የአገራቸው ሴቶች ከተማ ላሉ ልጆቻቸው የሚወስዱትን እህል ሆን ብለው ይደባልቁታል። የተደባለቀ እህል ገበያ ላይ ገዢ የለውምና። የኬላው ጠባቂ ጆንያውን ፈትቶ እፍኝ ሙሉ አወጣና፣ «እማማ፣ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? የዶሮ ነው?» አላቸው።

«የልጅ ልጄ ምግብ ነው። ለመሆኑ እንዲህ አድርጎ የሚነግድ ነጋዴ አይተህ ታውቃለህ?»

«እንዲህ ከነገዱማ ለከርሞ ለልመና ይወጣሉ!» ብሎ ስቆ አሳለፋቸው።

ይህን እያወሩልኝ ሁለት እፍኝ ዘግነው እንደተደባለቀ ቆሉት። በሙቀጫ ወቀጡት፣ በወንፊት ነፉት፣ ቀጠን ያለ አጥሚት አድርገው አፈሉት። የቆሎው ሽታ ቤቱን ሲሞላው ልጄ ከአልጋው ላይ ቀና አለች።

አማቴ ጭናቸው ላይ አስቀመጧት። ብዪ አላሏትም። መጀመሪያ ራሳቸው ቀመሱና፣ «እሰይ! ይሄንንስ ለማንም አልሰጥም» አሉ። ልጄ እጃቸውን ይዛ ማንኪያውን ወደ አፏ ሳበችው። ዋጠች። ደግማ አፏን ከፈተች።

እኔ ወደ ጓዳ ገባሁ። «ነይ እንጂ!» አሉ አማቴ ከወዲያ ሆነው። «ልቅሶውን ተዪና ጨምሪልን፤ አልቆብናል።»

በማግስቱ ጠዋት፣ ሁለቱ ተቃቅፈው እንደተኙ፣ ሰፌዱን ይዤ በራፉ ላይ ተቀመጥሁ። ለቁርባን የሚሆነው ንጹሕ ስንዴ ብቻ ነውና ከድብልቁ መሐል ስንዴ ስንዴውን ለቀምሁ። አንድ ጣሳ ሲሞላልኝ በነጭ ጨርቅ ቋጠርሁት፤ ነጠላዬን ለብሼ ለምስጋና፣ ለመገበሪያ እንዲሆን ወደ ቤተ ክርስቲያን ይዤው ሄድሁ።