ከግራ ወደ ቀኝ አራት ስም

ጉብታው ስም የለውም። ካርታ ላይ ፈልጌዋለሁ፣ የለም። እኛ «ጽዱ ጋ» ነው የምንለው፣ አናቱ ላይ አንድ ትልቅ ጽድ ስላለ። ከደሃና በላይ ደኑ ውስጥ ነው፤ ከመጨረሻው መንደር ተነስቶ በእግር ስድስት ሰዓት ያስኬዳል። ሁለት ጊዜ ወጥቼበታለሁ። መጀመሪያ ዘጠኝ ሆነን፣ በጦርነቱ ጊዜ። ሁለተኛ ብቻዬን፣ ባለፈው ጥቅምት፣ ዲግሪዬን በያዝኩ በሦስተኛው ወር። የምነግራችሁ ስለ ሁለተኛው ነው። ግን ያለ መጀመሪያው አይገባችሁም።

ታናናሾቼ ሁሌ «ተኩሰሻል?» ነው የሚሉኝ። አልተኮስኩም። ቃሬዛ ነው የተሸከምኩት። ዩኒቨርሲቲው ሲዘጋ ሁለተኛ ዓመት የቅየሳ ተማሪ ነበርኩ፤ ሰቆጣ ተመለስኩ። ጦርነቱ እኛ ጋ ሲደርስ ቁስለኛ የሚያወጣ ቡድን ተቋቋመ፣ ገባሁ። ዘጠኝ ሰው፣ ሁለት ቃሬዛ። አለቃችን በስማችን አይጠራንም። እኔ «ተማሪ» ነበርኩ። አንዱ የመኪና ረዳት ስለነበረ «ሾፌር» ተባለ። አንዱ በጣም ቀጭን ነው፣ «ቀጮ»። አንዱ ድቁና የተቀበለ የገጠር ልጅ ነው፣ «ዲያቆን»። ሰኢድ ብቻ ነው በስሙ የሚጠራው፤ አባቱ ሰቆጣ ሱቅ ስላላቸው ሁላችንም ከድሮ እናውቀዋለን።

ጽዱ ጋ ሁለት ቀን ነው የቆየነው። በመጀመሪያው ቀን ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ከማዶ መድፍ ጀመረ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሰባት ቁስለኛ አወረድን። ዘጠኝ ተኩል ላይ ሾፌር፣ ሰኢድና ቀጮ ባንድ ላይ ተመቱ። ሲመሽ በጽዱና ከሱ ወዲያ ባለው ገደል መሃል ጎን ለጎን ቀበርናቸው። ጭንቅላታቸውን ወደ ምዕራብ አድርገን፣ ራስጌያቸው ላይ አንዳንድ ድንጋይ አቆምን። ዲያቆን ግን ሰኢድ ጋ ሲደርስ ሌላ ድንጋይ ፍለጋ ሄደ።

«የሱ ወገኖች ሁለት ነው የሚያቆሙት» አለ። «ራስጌም ግርጌም።»

«ጊዜ የለንም!» ብዬ ጮህኩበት። «ድንጋይ ስትለቅም ሌሊቱ ሊነጋ ነው!»

«ይንጋ» አለኝ። ተንበርክኮ በእጁ ይቆፍር ጀመር። ጥዬው ወረድኩ።

በማግስቱ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ቃሬዛ ይዘን ስንወርድ ዲያቆን ከፊት ነበር፣ እኔ ከኋላ። ተመታ። ድምፅ አላሰማም። ቃሬዛው ላይ የቆሰለ ሰው ነበር። ሌላ ሰው የሱን ቦታ ያዘ። ሄድን። ዲያቆንን መሬት ላይ ትተነው ሄድን። ስመለስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል፤ ልጆቹ ከሦስቱ ጎን ቀብረውት አፈሩን እየመለሱ ነበር። አለቃችን «ተማሪ፣ ጻፊ!» አለኝ። ደብተሬን አወጣሁ፣ ጻፍኩ፣ ዘጋሁ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ለቀን ወጣን።

የጻፍኩት ይሄ ነው። «ከግራ ወደ ቀኝ፦ ሾፌር፣ ሰኢድ፣ ቀጮ፣ ዲያቆን።»

ዓመታት አለፉ። ትምህርቴን ጨረስኩ። ዘንድሮ መስከረም ላይ የዲያቆን እናት እማማ አበሩ አስጠሩኝ። ቤታቸው ሰቆጣ ዙሪያ ነው። የልጃቸውን አፅም አፍልሰው ደብሩ ግቢ ሊያሳርፉ ነው። ያደገው እዛ፣ የቀደሰው እዛ። ጉዳዩን የያዙት ቄስም ቁጭ ብለው ነበር። እኔ ገና ሳልቀመጥ ደብተሩን አውጥቼ አነበብኩ።

«ከየት ቆመሽ ነው ግራ ያልሽው?» አሉ ቄሱ።

ደብተሩን ደግሜ አየሁት፣ የለም። የቅየሳ ተማሪ መጀመሪያ የሚነገረው እኮ ይሄ ነው፤ የቆምሽበትን ሳትጽፊ ምንም እንዳትጽፊ። ራስጌያቸው ቆሜ ከሆነ ዲያቆን በጽዱ በኩል ነው። ግርጌያቸው ቆሜ ከሆነ በገደሉ በኩል። ከዚህኛው ዳር ወይስ ከዛኛው? ሰው ይሄን እንዴት ይረሳል ትሉ ይሆናል። ይረሳል።

«ልጄ» አሉኝ ቄሱ፣ «አንድ ጉድጓድ ነው የምንከፍተው። ተሳስተን የሌላ እናት ልጅ ብንቀሰቅስ ምን ብለን እንመልሳለን? እርግጠኛ ከሆንሽ ንገሪን። ካልሆንሽ ይቅር።»

እማማ አበሩ እጃቸውን እያዩ ነበር።

ከቡድኑ የቀረነው አራት ነን፤ አለቃችን በኋላ ሌላ ቦታ ሞቷል። ሁለቱን በስልክ አገኘኋቸው። አንዱ «በጽዱ በኩል፣ እምላለሁ» አለ። ሌላው «በገደሉ በኩል፣ እምላለሁ» አለ። ሦስተኛው ስልኩ አይሠራም።

«እሄዳለሁ» አልኩ።

የዲያቆን አጎት «ከበዓሉ በኋላ ሰው ሰብስበን እንሄዳለን» አለኝ። የትኛው በዓል? ሁሌ በዓል አለ። ማክሰኞ ተነሳሁ። ከሰቆጣ ስወጣ የባትሪ ድንጋይ ልገዛ የሰኢድ አባት ጋ ገባሁ። ነገርኳቸው።

«የኔን ተዉት» አሉ። «እኛ አናነሳም። አላህ ያሳረፈው እዛ ነው። ድንጋይ ግን አለው? ራስጌና ግርጌ?»

«አላስታውስም አባባ» አልኩ። እውነቴን ነው፣ ያኔ አላስታወስኩም። ያስታወስኩት አንድ ሰው ላይ መጮሄን ብቻ ነው።

የመጨረሻው መንደር ላይ አድሬ ረቡዕ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ደኑ አፍ ደረስኩ። የደኑ ጠባቂ ሽማግሌ ናቸው። ቦርሳዬን በዱላቸው ነካ ነካ አደረጉት። ብርድ ልብስ፣ ላስቲክ፣ በሶ፣ ሦስት ሊትር ውሃ፣ ሜትር፣ ቀይ ጨርቅ።

«ብቻሽን ነሽ?»

«ብቻዬን ነኝ።»

«ወንድም የለሽም?»

«አለኝ። እሱ ይፈራል።»

ሳቁ። በኽምጥኛ አንድ ነገር አጉረመረሙ፤ እኔም በኽምጥኛ ስመልስላቸው ደነገጡ። ከዛ በኋላ ልጃቸው አደረጉኝ። «እሳት እንዳታነጂ፤ ደኑ ደርቋል። ብረት ካየሽ ምንም ያህል ቢያምር እንዳትነኪ፤ ያልፈነዳ አለ። ነብሩን አትፍሪው።»

«እርስዎ ያውቁታል?»

«እንዴት አላውቀው። ሁለት ፍየል በልቶብኛል።»

ዳገቱ ከማስታውሰው ይከፋል። ያኔ ቁስለኛ ተሸክመን እንሮጥበት ነበር፤ አሁን ቦርሳ ይዤ በየሃያ እርምጃው እቆማለሁ። ወይራው ጥቅጥቅ ብሏል። መንገዱ ሁለት ቦታ ጠፋብኝ። ሰው የለም። የራሴን ትንፋሽ ብቻ እሰማለሁ። ቃሬዛ ከፊት የሚይዝ ሰው ይናገራል፤ «ድንጋይ»፣ «ጉድጓድ»፣ «ቀስ»። ከኋላ ያለው መሬቱን ስለማያይ ነው። ያን ቀን ሙሉ ከፊቴ ማንም አልተናገረም።

አስር ሰዓት ላይ ጽዱ ጋ ደረስኩ። ጽዱ አለ። ከወገቡ በላይ በአንድ በኩል ደርቋል። መቃብሮቹን ግን ወዲያው አላገኘሁም፤ ክትክታ በቅሎባቸዋል። ድንጋይ ደግሞ በየቦታው ተገልብጧል። የዝንጀሮ ሥራ ነው፤ ሥሩ ያለውን ትል ፍለጋ ድንጋይ ሲገለብጡ ነው የሚውሉት። ክትክታውን ነቃቅዬ አራቱን እብጠት አገኘሁ። ራስጌ የነበሩት ድንጋዮች ወድቀዋል፣ አንዱ ጭራሽ የለም። በሜትር ለካሁ። ከጽዱ እስከ መጀመሪያው አምስት ሜትር። ከመጨረሻው እስከ ገደሉ ዘጠኝ።

ራስጌያቸው ጋ ቆምኩ። ከመንገዱ ስትወጡ የምትደርሱት እዛ ነው። ከግራ ወደ ቀኝ ቆጠርኩ። ዲያቆን በጽዱ በኩል ሆነ። ልክ መስሎ ታየኝ። መጥቼ የምቆመው እዚህ ነዋ! ቀዩን ጨርቅ ከጽዱ ጎን ባለው መቃብር ላይ አሰርኩ። አስር ደቂቃ አልፈጀብኝም። ደስ ብሎኝ ነበር። ብርሃን ቢኖር በዛው እወርድ ነበር። ፀሐይዋ ግን ልትገባ ነው፣ ስለዚህ ቀረሁ።

ሌሊቱን ብዙ አላወራም። ጽዱን ተደግፌ፣ ብርድ ልብስና ላስቲክ ተከናንቤ ተቀመጥኩ። ነብሩ አንዴ ከታች ሲስል ሰማሁት፤ መጋዝ እንጨት ላይ ሲሄድ እንደሚያሰማው ነው። አራቱ እዚያው፣ ከኔ ጥቂት እርምጃ። እሳት የለም፣ የምሠራው የለም። የምቸኩልበት ነገር ስላልነበረ የሰኢድ አባት ጥያቄ መጣብኝ። ራስጌና ግርጌ። ከዛ ዲያቆን ተንበርክኮ ሲቆፍር አየሁት። «ይንጋ።» በጣም የዘገየው ለምን ነበር? ድንጋዩን አፈሩ ላይ አላስቀመጠውም። ጥዬው ስወርድ እጁ እስከ ክርኑ ገብቶ ነበር፤ ሊተክለው ነው የቆፈረው።

የተተከለ ድንጋይ ዝንጀሮ አይገለብጠውም።

ሌላም ነገር ገባኝ። ደብተሩን በጻፍኩበት ቀን በመንገዱ አልመጣሁም። ቁስለኛውን አድርሼ ከታች ካለው ምንጭ በኩል፣ ከምሥራቅ ነው የወጣሁት። በዛ በኩል የሚመጣ ሰው ግርጌያቸው ጋ ነው የሚደርሰው። ቢሆንም በግምት አንድ ጊዜ ጨርቅ አስሬ ነበር። ሁለተኛ አልገምትም አልኩ።

አስራ ሁለት ሰዓት ላይ መሬት ሲታይ ጀመርኩ። ብረት ይኖራል ብዬ በቀጭን እንጨት ነው ቅጠሉን የገፈፍኩት። በአራቱም ግርጌ፣ ጣት በጣት። ከጽዱ የመጀመሪያው፣ ጨርቅ ያሰርኩበት፣ ምንም። ሁለተኛው ላይ እንጨቱ ደረቅ ነገር ነካ። አፈሩን በእጄ አነሳሁት። ጥቁር፣ ቀጥ ያለ ድንጋይ። ነቀነቅኩት። አልተነቃነቀም። ሦስተኛውንና አራተኛውንም ጨረስኩ፣ ምንም የለም። ሁለት ሰዓት ሆነ።

ድንጋዩ ያለበት ሰኢድ ነው። ሰኢድ በጽሑፌ ሁለተኛ ነው። ከጽዱም ሁለተኛ ነው። ስለዚህ በጽዱ በኩል ዳር ያለው ሾፌር ነው፤ ጨርቅ ያሰርኩት ሾፌር ላይ ነበር። ዲያቆን በገደሉ በኩል ነው።

ጨርቁን ፈታሁ። ተሸክሜው ሄድኩና አራተኛው ላይ አሰርኩት። ከዛ ተቀመጥኩ። ስንት ሰዓት እንደተቀመጥኩ አላውቅም። ዲያቆን የተመታው ድንጋይ ሲፈልግ አይደለም፤ ሌላ ቀን፣ ሌላ ቦታ ነው። ይህን የምለው ተረት ስለማልወድ ነው። ግን ያን ማታ እኔን ሰምቶ ቢሆን ኖሮ እናቱ የሾፌርን አፅም ይወስዱ ነበር።

ዓርብ እማማ አበሩ ጋ ደረስኩ። ቄሱም መጡ።

«በገደሉ በኩል ነው» አልኩ። ስለ ድንጋዩ ነገርኳቸው። ጨርቁን መጀመሪያ የት እንዳሰርኩትም ነገርኳቸው።

እማማ አበሩ ወደኔ ዞሩ። «ልጄ በስልክ ስላንቺ ነግሮኝ ነበር። አንዲት ችኩል አለች፣ ቃሬዛውን ከኋላ ትገፋኛለች ይለኝ ነበር። አሁን እርግጠኛ ነሽ? ቸኩለሽ አይደለም?»

«አድሬ ነው» አልኩ።

«እንግዲያው ይከፈት» አሉ ቄሱ።

በኅዳር አፈለሱት። የሰኢድ አባት መጥተው ከደብሩ አጥር ውጭ ቆመው ነበር። ስለ ሁለተኛው ድንጋይ ነግሬያቸው ነበር፤ ማን እንደተከለውም። ሲያልቅ እማማ አበሩ ወጥተው አጠገባቸው ቆሙ።

ዘጠኝ ነበርን። አምስት ሞተናል። አለቃችን መቃብሩ የት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። ሾፌርና ቀጮ በእውነተኛ ስማቸው ማን እንደሚባሉ አላውቅም። አብሬያቸው በልቻለሁ፣ አብሬያቸው ተሸክሜያለሁ፣ ስማቸውን ግን አልጠየቅኩም። ጊዜ የለም ብዬ ነው። እናንተ አብሯችሁ ያለውን ሰው ስሙን ከነአባቱ ጠይቁ። ሌላ የምመክራችሁ የለኝም። የነዚህ ልጆች ቤተሰብ ቢመጣ እንዳይቸገር ደብተሩን አርሜዋለሁ።

ጽዱ ጋ። ግርጌያቸው ቆሜ፣ ፊቴን ወደ ፀሐይ መግቢያ አዙሬ፣ ከግራ ወደ ቀኝ፦ ሾፌር። ሰኢድ፣ ሁለት ድንጋይ አለው። ቀጮ። ባዶ ጉድጓድ፣ ዲያቆን የነበረበት።