በሌላ ሰው ስልክ

ንፋስ መውጫ ላይ የኮምፒውተር ጽሕፈት ሱቅ አለኝ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ የሠርግ ጥሪ ካርድ አዘጋጃለሁ። ሰው ስለ እኔ የሚለውን አውቃለሁ፤ ነጭናጫ ነው ይላል። ልክ ነው። ነጭናጫ ሰው የሠራው ሥራ ስሕተት አይገኝበትም እያልኩ ግን እመጻደቅ ነበር፣ እስከዚያ ክረምት ድረስ።

የደብሩ ካህናት ለዓመታዊው በዓል መጽሔት ሊያሳትሙ ነበር። የዜማ መምህሩ የኔታ ዓይናቸው ደክሟል፣ ድምፃቸው ግን ገና ነው። "ተማሪዎቼ በየአገሩ ተበትነዋል፤ ካሉበት ሆነው ድምፄን የሚያገኙበትን መላ ፈልግልኝ" አሉኝ። እዚሁ ሱቅ ውስጥ አስቀምጬ ድምፃቸውን በስልኬ ቀዳሁ። ቅጂውን ኢንተርኔት ላይ ጫንኩና ወደዚያ የሚወስድ ኪውአር ኮድ ለመጽሔቱ የጀርባ ሽፋን አዘጋጀሁ። የኔታ ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩት።

"እኔ ይህ ጥቁር ነጠብጣብ ነኝ?"

"አዎ የኔታ። ስልክ ሲያነበው እርስዎ ያዜማሉ።"

"በል አደራ፣ ሌላ ሰው እንዳታስዜምብኝ" ብለው እየሳቁ ሄዱ።

ደብረ ታቦር ያለው ማተሚያ ቤት ፋይሉን በማግስቱ እስከ ስድስት ሰዓት ላክ ብሎኛል። ኮድ ደግሞ ከመታተሙ በፊት ይፈተሻል። በሠሪው ስልክ ብቻ መፈተሽ ራስን ማታለል ነው፤ የራስህ ስልክ ባለቤቱን ስለሚያውቅ ሁሉን ይከፍትልሃል። እውነቱ የሚታየው በሌላ ሰው ስልክ ነው። ሌላ ጊዜ የደንበኛ ስልክ እለምናለሁ። የዚያን ቀን ግን ዝናቡ ከጧት ጀምሮ ሲወርድ መንገዱ ላይ ባጃጅ እንኳ አልነበረም። ማን ጋ ሄጄ ስልክህን አውሰኝ ልበል ብዬ አሰብኩ፤ አስቤ አስቤ፣ ዝናብ ባይኖርም ደፍሬ በሩን የማንኳኳው ሰው እንደሌለኝ ገባኝ። ሚስቴ ካረፈች፣ ልጄም ዐረብ አገር ከሄደች ወዲህ የእኔ ነገር ከሱቁ ወደ ጓሮው ቤት፣ ከቤቱ ወደ ሱቁ ሆኗል።

ልጄ ስትሄድ "አባዬ፣ ፎቶዎቼ አሉበት፣ እንዳትጥለው" ብላ የተወችው መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክ መሳቢያ ውስጥ ነበር። መብራት ደግነቱ አልጠፋም፣ ቻርጅ ላይ ሰካሁት። ኢሜይሏ አሁንም እንደተከፈተ ነው። ኮዱ ላይ ደገንኩት፣ ተከፈተ። "የኔታ አንድ፣ የኔታ ሁለት" እያለ ተደረደረ። ደስ ብሎኝ ወደ ታች ስገፋው ደግሞ "ለልጄ አንድ፣ ለልጄ ሁለት" የሚል ዝርዝር መጣ። ክው አልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ በሳምንት አንዴ ትደውላለች። "እንዴት ነህ አባዬ?" ትላለች፤ "ደህና ነኝ፣ ምን ጎደለኝ" እላለሁ፤ እዚያው ላይ ያልቃል። ወሬዬ የሚመጣው ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ነው። ስለዚህ ልነግራት የነበረውን በስልኬ እቀዳና እንዳይጠፋብኝ ኢንተርኔት ላይ ባለኝ ፎልደር አኖረዋለሁ፤ አልክላትም። በሰው አገር በሰው ቤት የምትለፋ ልጅ ላይ የእኔን ብቸኝነት መጫን ነውር ይመስለኛል። ለካ የኔታንም እዚያው ፎልደር ውስጥ ጨምሬ፣ ኮዱን የሠራሁት ለጠቅላላው ፎልደር ኖሯል።

አንዱን ነካሁት። የራሴ ድምፅ ነው። "ልጄ፣ ዛሬ ደግሞ ቤቱ ጭር ቢልብኝ ከሬዲዮው ጋር ስጨቃጨቅ ዋልኩ" ይላል። ከኋላው ከጣሪያው ሳፋው ላይ የሚወርደው ጠብታ ይሰማል። ይህን ነበር ደብሩ ሁሉ፣ ገበያው ሁሉ ሊሰማልኝ የነበረው። ማንም በሌለበት ሱቅ ውስጥ ብቻዬን አፈርኩ።

የራሴን ለይቼ ሌላ ፎልደር ውስጥ ቆለፍኩና ለየኔታ ብቻ አዲስ ኮድ ሠራሁ። በልጄ ስልክ ፈተሽኩት፤ የኔታ ብቻቸውን ናቸው። የቀረኝ የእኔው ቅጂ በእርግጥ መዘጋቱን ማየት ነበር። በዚያው ስልክ ልከፍተው ስሞክር "ለመግባት ፈቃድ የለዎትም" አለኝ። ከሥሩ "ፈቃድ ይጠይቁ" የሚል ቁልፍ አለ። እሰየው ብዬ ፋይሉን ለማተሚያ ቤቱ ላክሁ።

ከዚያ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ቁልፉን ተጫንኩት። የእኔ ስልክ ጠረጴዛው ላይ ጮኸ። ልጄ በስሟ ፈቃድ ትጠይቀኛለች።

የጠየቅሁት እኔው መሆኔን አውቃለሁ፤ አልጃጀሁም። ስሟን ሳይ ግን ዓይኔ እንባ ሞላ። ብፈቅድ ደግሞ ጨዋታ አይደለም፤ ኢሜይሉ የእሷ ስለሆነ ፈቃዱ እዚያ ያለችበት ድረስ ይደርሳታል። ሁለት ዓመት ሙሉ "ደህና ነኝ" ያልኩት ሁሉ ውሸት መሆኑ ይታወቃል። ዝናቡ እስኪያባራ ሁለቱን ስልኮች ፊቴ አስቀምጬ ተቀመጥኩ። ከዚያ "ፍቀድ" የሚለውን ነካሁ።

በማግስቱ ምንም የለም። በሦስተኛው ቀንም ዝም። አስቀየምኳት ወይስ አልከፈተችውም እያልኩ ሥራ ሁሉ አልያዝልህ አለኝ። በአራተኛው ቀን የአንድ ገበሬ ማመልከቻ እየጻፍኩ ሳለ መልእክት ገባ። አንዲት መስመር ናት።

"አባዬ፣ ጣሪያው ያፈሳል እንዴ?"