የእህቴ በረዶ ጠራጊ

አላወጣውም! የምንኖርበት ፎቅ አስተዳዳሪ፣ አሚኒስትራቶሬው፣ ደረጃ ላይ ሲያስቆመኝ በፈገግታ ነግሬዋለሁ፤ ለእናንተ ደግሞ ያለ ፈገግታ ልንገራችሁ። ምድር ቤት፣ ካንቲና በሚሉት ጠባብ ክፍላችን ውስጥ ግማሹን ቦታ የያዘ፣ ቀይ ቀለሙ የተላላጠ ብረት አለ። አፉ ሰፊ ነው፤ ውስጡ እንደ ሥጋ መፍጫ የተጠማዘዘ ምላጭ፣ አናቱ ላይ ደግሞ አንገቱን ያጠፈ ቧንቧ አለው። ከትራክተር ፊት የሚገጠም በረዶ ጠራጊ ነው። ሮም ውስጥ! ጎረቤቱ ሁሉ ይስቅብናል። ይሳቅ። እኔ ግን ያንን በር በከፈትኩ ቁጥር የዛገ ብረትና የቆየ ቅባት ሽታው ይዞኝ ይሄዳል።

ልጅ እያለሁ የምንኖረው በሮም ዳርቻ፣ ከሮማኒና ወዲያ፣ በአንዲት አሮጊት ሲኞራ ግቢ ውስጥ ነበር። እማዬ ሲኞራን ትንከባከባለች፣ አባዬ አትክልቱን ይይዛል። በግቢው ጥግ ያለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ከሥራው ጋር የተሰጠችን ናት፤ ሥራው ከሄደ ቤቱም ይሄዳል፣ ኮንትራቶው፣ የሥራ ውሉ፣ ከሄደ ፔርሜሶው፣ የመኖሪያ ፈቃዳችንም ያጠራጥራል። አባዬ ይህን በእንቅልፉም አይረሳውም። «አንገቴን ደፍቼ ልጆቼን ላሳድግ» ሲል፣ እማዬ «አንገት ደፊ፣ አገር አጥፊ» እያለች ታበሽቀዋለች። ደስታው ትራቶሪኖዋ ነበረች፤ ተቀምጦ የሚነዳት፣ ሣር የሚያጭድባት ትንሽ ትራክተር። ጭኑ ላይ ያስቀምጠኝና የታጨደ ሣርና ቤንዚን እየሸተተን ወይራዎቹን እንዞራለን። እሷ ላይ ሲወጣ ያ ፈሪ ሰውዬ ያፏጭ ነበር።

እህቴ ምሕረት የተወለደችው እዚያ ቤት ነው። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሣለች፤ የምሕረት ሰማንያ በየካቲት ወር በአንዱ እሑድ ላይ ዋለ። መሃል ከተማ፣ በኤስኲሊኖ በኩል በተውሶ የምንገለገልበት ቤተ ክርስቲያን ነበረ፤ ካህኑ ቀኑን ይዘውልናል። ድግሱ እኛው ቤት ነው። እማዬ ጠላዋን ጠምቃ በየጄሪካኑ ሞልታለች፣ ቤቱ ጌሾ ጌሾ ይላል። አርብ ማታ በረዶ ጀመረ። ቅዳሜ ስንነሣ ግቢው የለም፤ ሁሉም ነጭ ሆኗል።

አባዬ አልደነገጠም። «በረዶ አይደል? ምሳ ሳይደርስ ይሟሟል» አለ። እሱ የሚያውቀው የደብረ ብርሃኑን በረዶ ነው፤ ቆርቆሮውን ደብድቦ፣ ልጆች በጣሳ ለቅመው ሳይጨርሱት ፀሐይ የሚበላውን። እኔም በኩባያ ለቀምኩና ስኳር ነስንሼ በላሁ። ምሳ ደረሰ፤ በረዶው ጭራሽ ጨመረ። ያኔ አባዬ በቤቱ ባለው ድስት ሁሉ ውሃ አፍልቶ የግቢው ትልቅ በር ሥር ደፋው። እንፋሎቱ ቡልቅ ሲል «አያችሁ?» ብሎ ተኩራራ። ምሳውን በልቶ ሲመለስ ውሃው ብርጭቆ ሆኖ፣ ያንን ተንሸራታች የብረት በር ከሐዲዱ ጋር አጣብቆ ጠበቀው። ገፋው፣ ረገጠው፣ በመጨረሻም ለመነው። ንቅንቅ አላለም። የቀረው መውጫ በወይራዎቹ መሃል ወደ ኋላ በር የሚወስደው ረጅም ቁልቁለት ነው፤ እዚያ ደግሞ ነፋሱ በረዶውን ከምሮት እኔን እስከ ወገቤ ዋጠኝ። ሕፃን ታቅፎ በዚያ መውረድ የማይታሰብ ነው።

«እንግዲህ ለሚቀጥለው እሑድ እናድርገዋ፤ እግዜር ያውቅልናል» አለ አባዬ።

እማዬ ምሕረትን እጄ ላይ አስቀመጠችና ዞረችበት። «አንዱን ሳይጠመቅ ቀብሬዋለሁ» አለች። በእኔና በምሕረት መሃል ወንድም ነበረን፤ አርባ ቀኑ ሳይደርስ ሄደ። በቤታችን ስለሱ አይወራም። «ያለ ስም፣ ያለ ፍትሐት በሰው አገር አፈር ውስጥ ትቼዋለሁ። ይቺን አንድ ቀን አላሳልፍባትም። በረዶ አይደለም፣ ሰማዩ ራሱ ይውረድ!» ብላ እዬዬ ብላ አለቀሰች። እናቴ ስታለቅስ አይቼ አላውቅም ነበርና በጣም ፈራሁ። ምሕረትን አጥብቄ ስለያዝኳት እሷም ማልቀስ ጀመረች።

ሲኞራ ይህን ሁሉ ከወጥ ቤታቸው መስኮት ሲያዩ ነበር ለካ። መስኮቱን በከዘራቸው ቆረቆሩትና እኔን ጠርተው ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። «አሎራ፣ እንግዲህ» አሉ፣ «ባሌ ከአብሩዞ ተራራ ሲወርድ አንድ ዕቃ ይዞ መጥቶ ነበር። በረዶ ጠራጊ ለሮም ምን ይሠራል ብለው ሲስቁበት ኖሩ። መሣሪያ ቤቱ ውስጥ ሸራ ለብሶ ተቀምጧል።»

አባዬ ግን አባዬ ነውና ሳያስፈቅድ አይነካም። ቤቱን የሚያስተዳድረው የሲኞራ የወንድም ልጅ ነው፤ ደወለለት። ድምፁ ከስልኩ አልፎ ለሁላችንም ተሰማን፦ ማንም ትራቶሪኖዋን እንዳይነካ፣ አንድ ነገር ቢሰበር ዕቃችሁን ሸክፋችሁ ውጡ። አባዬ አመድ መሰለ። ሲኞራ በመስኮቱ እጃቸውን ዘርግተው ስልኩን ወሰዱት። «ቤቱ የማን ነው? እኔ እኮ ገና አልሞትኩም!» አሉና ጆሮው ላይ ዘጉበት። እሰይ! እማዬ እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች። አባዬ እኛን አየ፣ ስልኩን አየ፣ ከዚያ እጅጌውን ሰበሰበ።

ሲኞራ ወንበር አስወጥተው፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው፣ ምሕረትን ጭናቸው ላይ ይዘው አዛዥ ሆኑ። መጀመሪያ የሣር ማጨጃውን ከትራቶሪኖዋ ሆድ ሥር ማውጣት ነበረብን። እኔ ለማስተርጎም መሃል ቆሜያለሁ። «ካቻቪቴ!» ይላሉ፤ አባዬ ካቻቢቴውን ያነሣል። «ቡሎኔ!» ብሎኑን ይፈታል። «ቺንጊያ!» ቺንጋውን፣ የሞተሩን ቀበቶ፣ ያወርዳል። አባዬ ደብረ ብርሃን በአጎቱ ጋራዥ ያደገ ሰው ነው፤ ሮም ከገባ ጀምሮ ከጣሊያን ጋር እንደዚያ ቀን ተግባብቶ አያውቅም። እኔ ሥራ አጣሁ።

ብረቱ ግን እልኸኛ ነበር። ከትራቶሪኖዋ ፊት አስጠግተነው ቀዳዳና ቀዳዳ አልገጥም አሉ። አባዬ በረዶው ላይ በጀርባው ተኝቶ ይጎትታል፣ እማዬ በጉልበቷ ትገፋለች፣ እኔ የብረት ካስማውን ይዤ «አሁን! አሁን!» እላለሁ። በስተመጨረሻ ጧ ብሎ ገባ። ሞተሩን ሲያስነሣው ደግሞ ምላጩ አልዞር አለ፤ የተቃጠለ ጎማ ሸተተን። ሲኞራ ከዘራቸውን ነቀነቁ፤ የቺንጋውን መወጠሪያ ረስተነው ኖሯል። ሞላው ሲሳብ ያ ስንት ዘመን የተኛ ጉድ እያጓራ ዞረ። እልል አልን፤ ምሕረት ደንግጣ እሪ አለች።

ይኼም አልበቃ። ልንሞክራት ስንል ፊቷ ከብዶ የኋላ ጎማዎቿ ባሉበት ይሽከረከሩ ጀመር። ባላቸው ከኋላ የአሸዋ ጆንያ ያስሩ እንደነበር ሲኞራ ትዝ አላቸው፤ አሸዋው ደግሞ የት እንዳለ በረዶው ነው የሚያውቀው። «ጠላው!» አልኩ እኔ።

«ጠላዬን?» አለች እማዬ፣ ደረቷን ይዛ። ጄሪካኖቹን አየቻቸው፣ ቁልቁለቱን አየችው። «እሰሩት! ካልደፈረሰ አይጠራም።»

እሑድ ጎህ ሲቀድ ወረድን። ቧንቧውን ወደየት እንዳዞርነው ማን ልብ አለ? የመጀመሪያው በረዶ ተወርውሮ የሲኞራን መስኮት ደፈነው፤ ከውስጥ ሳቃቸው ተሰማ። አባዬ ቧንቧውን ወደ ወይራዎቹ አዙሮ ቀጠለ። እማዬ ነጭ ለብሳ፣ ምሕረትን ታቅፋ፣ እሱ በጠረገው መሬት ላይ ቀጥ ብላ ተከተለችው፤ እንደዚያ ስትራመድ አይቻት አላውቅም። ጄሪካኖቹ ከፊቷ እየተናጡ ይንቦጫረቃሉ፣ አባዬ ያፏጫል። ከኋላ በር ወጥተን በባዶው ጎዳና እስከ ሜትሮው በእግራችን ሄድን፤ ሜትሮ ከመሬት በታች ነውና በረዶ አያውቅም። ምሕረት በሰማንያ ቀኗ ተጠመቀች። ካህኑ ስሟን ሲጠሩ እማዬ ከንፈሯን ነክሳ ወደ ላይ አየች፤ ወንድሜን እያሰበች እንደነበር አሁን ይገባኛል።

ከሰዓት እንግዶቹ በጠረግነው መንገድ መጥተው የደፈረሰውን ጠላ ጠጡት። ሲኞራ፣ በእናንተ ባህል ለሕፃኗ ምን ይሰጣል ብለው ጠየቁኝ። አንዱ ሀብል፣ አንዱ ልብስ አልኳቸው። ተነሥተው በከዘራቸው ወደ ውጭ ጠቆሙና ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ «ያ ብረት የልጅቷ ነው» አሉ። ሰው በሳቅ ፈረሰ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም።

ሲኞራ ካረፉ በኋላ የወንድም ልጃቸው ግቢውን ሸጠው፣ እኛም ቤቱን ለቀቅን። ትራቶሪኖዋንም ሸጣት፤ አባዬ ሲጭኗት ላለማየት ጓሮ ገባ። በረዶ ጠራጊውን ሊያስነሣ ሲል ግን እማዬ በሩ ላይ ቆመች። «ይኼ የልጄ ነው» አለችው፣ በተሰባበረ ጣሊያንኛዋ፤ ያች ሁሌ ጎንበስ ብላ «ሲ፣ ዶቶሬ»፣ እሺ ጌታዬ፣ የምትለው ሴትዮ። ዕቃችንን በጫነው መኪና ላይ መጀመሪያ የተጫነው እሱ ነው።

ዛሬ የአባዬ ጉልበት ደክሟል። የካቲት ሲመጣ መስኮቱ ጋ ይቆማል፤ በረዶ ግን የለም፣ የለውዝ ዛፉ አብቦ ይታያል። ያኔ በሁለት ክፍል ተጨናንቀን፣ ነገ ያባርሩናል እያልን የኖርነው ኑሮ አይናፍቀኝም፤ አልዋሽም። የሚናፍቀኝ ያ የአባዬ ፉጨት ነው። ምሕረት አሁን ከእኔ ትረዝማለች። በአማርኛ ሲያናግሯት በጣሊያንኛ ትመልሳለች፣ እማዬም «ቋንቋሽን ሮም ዋጠችው» እያለች ታዝናለች።

ባለፈው ሳምንት አሚኒስትራቶሬው ይህ ቆሻሻ ይነሣ ሊል በራችንን ሲያንኳኳ የከፈተችው እሷ ናት። በጣሊያንኛ ረጋ ብላ «የክርስትና ስጦታዬ ነው» አለችው። ሰውዬው ግራ ገብቶት «ስጦታ?» ሲል፣ ከኋላዋ ወደቆመችው እማዬ ዞረች። «አላወጣውም» አለቻት፣ በአማርኛ።