ከምንጩ በላይ የተነቀሉት ችግኞች

የመምህርነት ምስክር ወረቀት አልነበረኝም። መምህር ስለጠፋ፣ ጉለሌ ውስጥ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ስምንተኛ ክፍልን ሳይንስ በጊዜያዊነት እንዳስተምር ተቀጠርኩ። የማውቀውን ያወቅሁት ብቻዬን ከመጻሕፍት ነው፤ ስለዚህም ስህተት እንዳይገኝብኝ እፈራ ነበር።

ስለ መጤ ዝርያ ያስተማርኩት በሁለት ባዶ የወተት ዱቄት ጣሳዎች ነው። በአንዱ የባህር ዛፍ፣ በሌላው የወይራ ችግኝ ተከልን። እኩል ውሃ እያጠጣን አፈሩ በስንት ቀን እንደሚደርቅ መዘገብን። የባህር ዛፉ አፈር ቀድሞ ደረቀ።

«እንደ አጎቴ ነው!» አለ ከኋላ የተቀመጠ ተማሪ። «ጠላ ቤት ከገባ እንስራው ሳያልቅ አይወጣም!»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ፤ እኔም ሳቅሁ። የባህር ዛፉ ቅጠል ግን ከወይራው ሦስት እጥፍ ይበዛ ነበር። ልዩነቱ ጎልቶ እንዲታይልኝ አውቄ የመረጥኩት ነው። ይህን አልነገርኳቸውም።

ጥያቄ የማያልቅባት አንዲት የባለሱቅ ልጅ ነበረች። «መምህር፣ ታዲያ ከምንጫችን በላይ ቀበሌው የተከለው ባህር ዛፍስ?» አለችኝ። ቤተሰቧ የሚቀዳው ከዚያ ምንጭ ነው፤ በበጋ ይሳሳል።

«እሱም ይጠጣዋል» አልኳት።

በሳምንቱ ሰኞ የቀበሌው ሊቀ መንበር የተማሪዎች ሰልፍ ላይ መጣ። ባለፈው ክረምት ከምንጩ በላይ በዘመቻ ከተተከሉት ችግኞች አሥራ አራቱ ተነቅለው፣ የሥራቸው አፈር ተራግፎ፣ በመስመር ተደርድረው ተገኝተዋል። ማንም ሳይጠራት ልጅቷ ከሰልፉ ወጣች።

«ማነው ያዘዘሽ?» አላት ሊቀ መንበሩ።

«ማንም።»

«ይሄን አሻጥር ከራስሽ አመነጨሽው? የሳይንስ አስተማሪሽስ ምን ብሎሻል?»

ወደ እኔ አላየችም። «እሳቸው ስለ እንቁራሪት ነው የሚያስተምሩን» አለች። አንዳንድ ልጆች ሳቃቸውን አፈኑ። በሁለት ክንድ ርቀት ቆሜ ነበር፤ ደወሉ ሲደወል ተማሪዎቼን ይዤ ወደ ክፍል ገባሁ።

ለዓመቱ ታገደች። ሚኒስትሪ ፈተና ሊደርስ ስድስት ሳምንት ቀርቶት ነበር።

ቅዳሜ እውነቱን ልናገር አዲሱ ገበያ ወደሚገኘው የአባቷ ሱቅ ሄድኩ። አባቷ ቀበሌ ሄደው ቢያስረዱ እሷ ለፈተናው ትደርሳለች፤ እኔ ደግሞ እባረራለሁ፣ ምናልባትም በአሻጥር እታሰራለሁ። የምለውን መንገዱን ሙሉ ቃል በቃል ሳጠና ነበር። ስደርስ እሷ የእርድ ዱቄት በጋዜጣ ትጠቀልላለች። አባቷ ከባንኮኒው ወጥተው ሁለት እጄን ያዙ።

«መምህር፣ ይቅር ይበሉን። ልፋትዎን መና አስቀረችው። እኔ እንዲህ አድርጌ አላሳደግኋትም፣ ወላሂ!»

ልጅቷ መጠቅለሏን አቆመች። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም። ትጠብቅ ነበር።

«ምንም አይደለም» አልኳቸው። «ልጅ ናት።»

አባቷ መረቁኝ። እሷ የጀመረችውን ጋዜጣ አጥፋ ዘጋችና ሌላ እርድ መመዘን ጀመረች።