የአማካሪዬ ሽምግልና

ባለፈው ሰኞ የእህቴ ልጅ ከሽንዲ ደወለችልኝ። በመንገድ መዘጋት ተቋርጦ የከረመው ትምህርት ተጀምሯል፤ ስለ ዩኒቨርሲቲ ምርጫ የሚያማክር መምህርም ተማሪዎቹን አንድ በአንድ እየጠራ ነው። «የሆድሽን አጫውቺኝ አለኝ፤ ምን ልበለው እትዬ?» ስትለኝ ማዕዱን ትቼ ተነሳሁ።

እኔም የሆዴን ያጫወትኩት መምህር ነበር። መንግሥት ሲለወጥ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ወታደር በአስፋልቱ ይተማል፤ ትምህርት ዛሬ ቢኖር ነገ የለም። በዚያ ግርግር አማካሪያችን ብቻ የረጋ ሰው ይመስል ነበር። አንቱ እንለው ነበር፤ ዛሬ ግን አፌ አይታዘዘኝም። ነርስነት መማር እንደምፈልግ፣ ብቻዬን ሩቅ አገር መሄድ ግን እንደሚያስፈራኝ፣ ለእናቴ ያልነገርኳትን ሁሉ ነገርኩት። «አይዞሽ፣ እዚህ የተነገረ እዚህ ይቀራል» አለኝ።

ትምህርት ቤቱ ተዘጋና ገጠር ቤታችን ገባሁ። ሰኔ ላይ፣ ዝናብ ጥሎ ባደረበት እሑድ ጠዋት፣ ሽማግሎች ለአንድ የቡሬ በርበሬ ነጋዴ ልጅ ሊጠይቁኝ መጡ። አንዱ አማካሪያችን ነበር! እንደ ወጉ ጉዳያቸውን ሳይናገሩ አንቀመጥም ብለው ቆሙ። ከተቀመጡ በኋላ ግን ቀድሞ ዳቦውን አዋዜ ውስጥ የነከረው የእኔው ሰውዬ ነው። ጓዳ ሆኜ አየዋለሁ።

አባቴ «ልጅቱ መማር ትፈልጋለች» ሲል፣ አማካሪው ጣቱን ላሰና «ኧረ ለእኔ የነገረችኝ ሌላ ነው» አለ። «ሩቅ አገር ትፈራለች። ጊዜውም ክፉ ነው።»

በአደራ የሰጠሁትን ፍርሃቴን ይዞ መጥቶ ሊድረኝ! ልጅ በራሷ ሽምግልና መሐል መግባቷ ነውር ነው፤ ገባሁ።

«አዎ፣ እፈራለሁ» አልኩ። «እየፈራሁ እሄዳለሁ።»

እናቴ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። አባቴ ወደ አማካሪው ዞረና «መምህር፣ ይህን የነገረችዎ እንዲያግዟት ነበር» አለው። «ይብሉ፣ ይጠጡ። ልጄን ግን አልሰጥም።»

ያፍራል ብዬ ጠበቅሁ። ዳቦውን ጨርሶ ነው የወጣው።

ሄድኩ፣ ተማርኩ፤ ይኸው ፍኖተ ሰላም ነርስ ሆኜ ጡረታዬ ተቃርቧል። ሰውዬውን ገበያ ላይ ባየሁት ቁጥር ዛሬም ያቅለሸልሸኛል። ይቅር በይው ይሉኛል፤ ብያለሁ፤ ጥየፋው ግን አልለቀቀኝም። የባሰው ደግሞ፣ ከዚያ ወዲህ የምፈራውን ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ለባለቤቴም።

የእህቴ ልጅ መምህር ደግ ሰው ሊሆን ይችላል፤ አላውቀውም። ቢሆንም «የምትፈልጊውን ንገሪው» አልኳት። «የምትፈሪውን ግን ለእኔ።»

«እርስዎስ ለማን ይነግራሉ?» አለችኝ።

ኔትወርኩ ተቆራረጠ ብዬ ዘጋሁት።